የቆመው ሰዓት

ስቴንቮር ስትገባ፣ ከበሩ ምስማር ላይ
የእጇን ሰዓት ትሰቅላለች፣ ውስጡን እንዳያይ፤
አንዴ ረስታ ገብታ፣ በመጀመሪያው ወር፣
ሦስት ከሩብ ላይ ደርሶ ቀረባት ሳይዞር።
እዚያ የሚያልፈው ጅረት ውሃ አይደለምና፣
ጊዜን ይይዘዋል በማግኔቱ ጫና።

ዱቄቱ በመርከብ ከሩቅ ይመጣል፤
እንደ ፍኖ ነጭ ነው፣ ከጣት ያመልጣል።
ትናንት ግን ቀይ ነበር፤ ሙቀት በበዛበት፣
ዝናም ሌላውን አጥቦ እሱን በተወበት፤
ቦክሳይት ይሉታል፤ ከኮረብታ ፍቀው
በሚፋጅ ሶዳ ውሃ ቀቀሉት አድቅቀው፤
የብረቱ ዝገት ቀይ ጭቃ ሲሆንበት፣
ነጩ ተለይቶ ደረቀ በእሳት።
ጭቃው እዚያው ቀርቷል፣ ከሰዎች ደጃፍ ላይ፤
እሱን መርከብ አይጭን፣ እሱን እሷ አታይ።

ነጩ ግን እልኸኛ ነው፣ ያቀፈውን አይለቅም፤
ከኦክሲጅን ጋራ ፍቺ የሚባል አያውቅም።
እሳት ብቻ አይበቃው፤ ዘጠኝ መቶ ስድሳ
ዲግሪ በሚፈላ ጨው ሟሙቶ ሲነሳ፣
ከላይ የከሰል ጡብ፣ ከታች የከሰል አልጋ፣
መብረቅ ያልፍበታል፣ ሲመሽም ሲነጋ።
ያኔ ይፋታሉ፤ ኦክሲጅን ተቆጥቶ
በጭስ ይወጣል፣ ከሰሉን በልቶ፤
እንደ ብር የነጣው ከሥሩ ይተኛል፤
ስቴንቮር ቅርፊቱን ስትሰብር ይታያል።

መብረቁ?
ከወንዝ ነው፤ ከአይስላንድ ተራራ፣
አባቷ ሃልቫርዱር የዝይ ጎጆ በቈጠረበት ስፍራ።
ግድቡ ከሞላ ዐሥር ዓመት ከረመ፤
ዝይው ሌላ ሄደ፣ ሸለቆው ሰጠመ።
ፋብሪካ ስትቀጠር፣ አንድ ክረምት ሙሉ
አባትና ልጅ በአንድ ገበታ ዝም አሉ።

አምና በረዶ ጥሎት ዳሌው ተሰበረ፤
ሐኪሙ ምርኩዝ ሰጠው፣ አነሳው፣ ሞከረ፣
በጣቱ መዘነው፤ ከድሮ ዱላው ቀለለ፤
አይዝግ፣ አይከብድ።
«ከምንድን ነው?» አለ።

ታውቃለች፣ ያውቃልም። ሾርባ ጨለፈች ዝም ብላ።
«ከተሰበረስ?» አለ፣ ከብዙ ዝምታ ኋላ።
«ይቀልጣል አባቴ፤ ዳግም ሲሠሩት
ከሃያ አንድ እጅ ነው የሚበላው መብራት፤
አውሮፕላን፣ የዓሣ ጀልባ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ
ይሆናል፤ አይሞትም፤ ይመጣል ሌላ መልክ ደርቦ።»

«ወንዙስ?» ሊል ከንፈሩን ሲያላቅቅ አየች፤
አላለም። ለሌሊት ፈረቃ ካፖርቷን ለበሰች፤
በሩን ስትዘጋው፣ ከውስጥ፣ ከጣውላው ላይ፣
ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ…
ወደ መስኮቱ፣ እሷን ሊያይ።