ፋይሉ እንደሚለው

ከሌሊቱ አሥር ላይ፣ ድንጋይ አስቀመጥሁ፤
ስሜን በከሰል ጽፌ፣ ግንቡን ተደገፍሁ።
ከፊቴ አምስት ድንጋይ፣ እኔ ስድስተኛ፤
ድንጋዩም እንደ ሰው፣ ሆኗል ጡረተኛ።

የአዳማ ነፋስ ነው፣ አቧራ ያጎርሳል፤
ጋራው ላይ ነጭ ክንፍ፣ ሲያሽከረክር ያድራል።
ለሀገር የሚበቃ፣ መብራት ከዚህ ወጥቶ፣
ቢሯችን ጨለማ፣ አምፖሉ ተኝቶ።

ሁለት ተኩል ሲሆን፣ በሩ ተከፈተ፤
«ሲስተም የለም» የሚል፣ ድምፅ ተጎተተ።
ማንም አልተቆጣ።
ቡሬ ምሽግ ገብቶ፣ ሐሩር እየጠበሰው፣
የውሃ ቦቴ መኪና፣ ሦስት ቀን የጠበቀ ሰው
በሲስተም አይከፋም።

በየዓመቱ ጥቅምት፣ እዚህ የምንመጣው፣
ሌላ ጉዳይ የለም፣ አለመሞት ነው።
«አለሁ» ለማለት ነው፣ በሁለት ጉርድ ፎቶ፣
ቀበሌ መስክሮ፣ ማኅተም ተመትቶ።
ሰው በገዛ አፉ፣ «አለሁ» ብሎ ቢናገር፣
አይያዝለትም፣ ያለ ደብዳቤ ቁጥር።

መስኮት ሦስት።
«ስም?»
«አሥር አለቃ በዳሳ ወርዶፋ።»
ኢክራም ትባላለች፤ እኔ ስቆስል ገና አልተወለደችም።
ፋይሌን ገለጠች፣ ከጠረጴዛ ሥር ካርቶን ሳበች፤
«ደስ ይበልዎ ጋሼ፣ ሦስት ዓመት የጠበቁት ሰው ሠራሽ እግር መጣ።»
ካርቶኑን ከፈትሁ።
ከቆዳዬ የፈካ፣ ጣቶቹ የተስተካከሉ፣
የሚያምር
ቀኝ እግር።

«የኔ ልጅ፣ የኔ ግራ ነው።»
«ፋይሉ ቀኝ ይላል።»
«ግራ ነው።»
«ጋሼ፣ ፋይሉ…»

ያን ሌሊት በባትሪ ብርሃን የጻፈው ጸሐፊ
ፊት ለፊቴ ቆሞ ነበር መሰለኝ፤
የሱ ቀኝ የኔ ግራ የሆነበት ቦታ ላይ።
ይኸው ሃያ ምናምን ዓመት፣ በወረቀት የሌለ እግር
ሲያቆመኝ፣ ሲያስኬደኝ፣ ሰፈር ለሰፈር ሲያዞረኝ ኖሯል፤
ጓደኛው ከሞተ ጀምሮ የሁለት ሰው ሸክም ይዞ፣
ያለ አበል፣ ያለ ፈቃድ፣
አንድ ቀን እንኳ ሕመም ሳይጠይቅ።
ዛሬ ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁት። ምን ልበለው?

«ለማስተካከል» አለች፣ «ከሕክምና ቦርድ አንድ ደብዳቤ፣
ከነበሩበት ክፍል አንድ፣
ምስክር ካለ…»
ክፍሌ ፈርሷል፤ ስሙም ሌላ ሆኗል።
አዛዤ አፈር ለብሷል።
ምስክሬ ግራ እግሬ ነው፣
ቡሬ አሸዋ ውስጥ፤ ጥሪ አይደርሰውም።

ዝም አለች።
ከዚያ በጎን በር ወጥታ መጣች፣
ሻርፗን ሰብስባ እፊቴ ተንበረከከች፣
«ይቅርታ ጋሼ» ብላ፣ አሮጌውን ፕላስቲክ
በሱሪዬ ላይ አንኳኳች፤
ኳ፣ ኳ።
ልክ እንደ ቤት በር። «ማነው? ይግቡ» ልል ምንም አልቀረኝ።

በብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፈች፦
«በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግራ ነው።»
ፈረመችበት፤ በመርፌ ቁልፍ ፋይሉ ላይ አያያዘችው።
«ማኅተም የለውም፤ ላይጠቅም ይችላል» አለች።
በሕይወት መኖሬን ግን መታችልኝ፤
በሰማያዊ ቀለም፣ እስከ ከርሞ ጥቅምት።

ዘጠነኛው ድንጋይ፣ ዘርጋው ሽብሩ ይባላል፤
የእውነት ቀኝ የሌለው፣ በክራንች የሚሄድ።
የሱ ካርቶን «በመንገድ ላይ ነው» ተብሏል፤ አራተኛ ዓመቱ።
ደጅ ቆሞ ካርቶኔን አየ፣ እኔም ቁመቱን አየሁ።
አልተነጋገርንም። ስፌት ሥራ የሚያውቅ ሰው
ደንበላ አካባቢ አለ፤ ማሰሪያውን ያጠብልናል።

ባጃጅ ጠራን።
ካርቶኑ አልዘጋ ብሎ፣ ቀኝ እግር አንድ፣
በፊርማ የተረከብሁት፣ በነፋሱ ውስጥ ጣቶቹን አወጣ።
ሹፌሩ ልጅ ነው፤ ዞር ብሎ አየን፣ ቆጠረን፣
ግራ ገባው፤
«ስንት ናችሁ?» አለ።
ዘርጋው ነው የመለሰ፦
«በፋይል ወይስ በዓይን?»