ጥርሱን ከፍተሽ እዪ

ከሌሊቱ ስድስት፤ ጦሳ ጉም ለብሷል፣
ብርድ ልብሴ ውስጥ አንድ መብራት ነግሷል።
ስልኬ ነው። ካፖርት። የወይን ጠጅ መልኩ፣
በለበሰችው ላይ እንዴት አምሯል ልኩ!
ከሥሩ ቀይ ቁጥር ወደ ታች ይቆጥራል፤
«አሥር ደቂቃ አለሽ፣ ሁለት ብቻ ይቀራል።»

ከማዶ አልጋ ሳለች አክስቴ ሉባባ፤
እሷ እንቅልፍ አታውቅም ብርሃን ከገባ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሰኞ በመጣ ቁጥር፣
በግ ሸጣ፣ በግ ገዝታ፣ ላት ስትቆነጥር፣
የሐይቁን ሙክት ከወረኢሉው ስትለይ
ተሸውዳ አታውቅም—
አንዴ ብቻ፣ እሱም በባል ጉዳይ።

«የሚያጣድፍ ነጋዴ በጉ ያነክሳል» አለች፣
ተነሥታም አልመጣች፣ እዚያው እንደተኛች።
«ቁጥሩ ቆጥሮ ይድከም፤ ስልኩን ደፍተሽ ተኚ፤
ነገም ‹ሁለት› ካለሽ፣ ያን ጊዜ እኔን እመኚ።»

በማግስቱም «ሁለት»። በሠልስቱም «ሁለት»።
አዝዋ ገደል ራሱ የለው እንዲህ ጥልቀት።

አምና ጫማ አዝዤ፣ ብሩን አስቀድሜ፣
በዝናብ ስጠብቅ መናኸሪያ ቆሜ፣
ካርቶኑ ሲፈታ... ሁለቱም የግራ እግር!
ሻጩ ስሙን ቀይሮ ሌላ ገጽ ከፍቶ ነበር።
ስደውል ዝግ። ስጽፍለት ዝም።
አልጋ ሥር አሉ እስካሁን፤ አልጣልኳቸውም።

ስለዚህ ዘንድሮ እግሬን ሰብሰብ አድርጌ
ፈለግሁ። ያችው ልጅ፣ ያው ካፖርት፣ ያው ጥርስ፣
አምስት ሱቅ ላይ ቆማ ስትስቅ፣ ስትለብስ፤
አንዱ ጋ ሁለት ሺህ፣ አንዱ ጋ አምስት ሺህ ናት፤
ፎቶዋ የማንም አይደል፣ ሁሉም ተዋሷት።
ከሥሯ ምስጋና፦ «ምርጥ!»፣ «ምርጥ!»፣ «ምርጥ ዕቃ!»
ሠላሳ ሰው አብሮ በአንድ ሌሊት ነቃ።
«ደላላ ነው» አለች፤ «ሰኞም አለ ይኸው፤
ገዢ መስሎ ቆሞ ‹ወይ በግ!› የሚለው።
የከፋውን ፈልጊ፤ በምን ነው የከፋው?
ቀለም ለቀቀበት? ጠበበው? ወይስ ሰፋው?

በግ በፀጉር አይገዛም፤ ጥርሱን ከፍተሽ ነው።»
«ይኼ እኮ መስታወት ነው፤ በምን ልክፈተው?»
«በአፍሽ ነዋ! ጠይቂ። አፍ ለምን ተፈጥሯል?
ገበሩን፣ ቁልፉን፣ ክሩን ፎቶ አንሥቶ ይላክ፤
ዕቃው ያለው ይልካል፣ የሌለው ይቆጣል።»

ጠየቅሁ። አንዱ ላከ። ሌላው ተቆጣና
አገደኝ፤ እሰይ አልኩ፣ ከአንድ ዕዳ ዳንኩና።

ልብስ ሰፊው እንድሪስ ሜትሩን አዋሰኝ፤
ሁለት ጣት እንደሰፋሁ ያን ቀን ነው የገባኝ።
ሒሳቡን ጻፍኩ ደግሞ፤ እሷ እንደምትለው
በግ የገዛ ገመዱንም፣ ሳሩንም የገዛ ነው።
የታክሲውን ስደምር፣ የምሳውን ሳክል
(ከፍሎ መጠበቅ አይደል፤ ጠብቆ ነው መክፈል)
አሁንም ያዋጣል።

ገበሩን የላከው ኮምቦልቻ ነው ለካ፤
ሸምሰዲን ይባላል፤ ሱቁ አንድ ክንድ ቢለካ።
በዚያ ሙቀት መሐል ካፖርት ስሞክር
ላቤ ይወርዳል፤ እሱ ይስቃል፤
እኔ ስፌት ስመረምር
ብብቱ ሥር አገኘሁ፣ ጠማማ፣ አንድ ክር።
ሁለት መቶ ብር ቀነሰ፤ ሳይከራከር።

ሐረጎን ስንወጣ ጉሙ ተቀበለኝ፤
አንገቱን ልቆልፍ ስል፣ ቁልፉ እጄ ላይ ቀረልኝ።

አክስቴ ሰፋችው፤ ክሯ አይመስልም፣ ጥቁር ነው።
«ያ ሁሉ ዘዴ?» ብላት፣
«መርጠሽ የገዛሽውም በግ አንዳንዴ ያስለዋል፤
ምን ይደረግ?» አለች፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ሌሊት ስልኬ በራ። ጫማ። «ሁለት ፍሬ ብቻ።»
ከማዶ አልጋ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ እንዳዞረች፦
«ሁለቱም የቀኝ ከሆኑ ውሰጃቸው» አለች።