የሐሙስ ትኬት

ከዚራ፣ ከኒሙ ሥር፣ ሐሙስ አሥር ሰዓት፣
የአረጋውያኑን ወንበር እደረድራለሁ፤
ከለር በኩባያ፣ ወረቀት በትሪ፣ የልጅ መቀስ ሁለት፣
ይኼ ነው ዕቃዬ፤ ሌላ ምን አውቃለሁ።

«ዛሬ የተወለድንበትን ቤት እንስላለን» አልኩ፣
(ከሥልጠና ያመጣሁት ነው፤ ደብተሬ ላይ አለ)፤
አባ መሐዲ እንቅልፉን ቀጠለ።
እትዬ ትርንጎ፣ የጥጥ ፋብሪካዋ፣
ቀዩን ከቀይ ጋራ፣ ቢጫውን ከቢጫ፣
ከለሩን እንደ ክር ማጠንጠኛ አሰለፈች፤
አንድ ሰማያዊ ቢጎድላት
«ፈረቃው አይወጣም!» ብላ እጄን ያዘች።

ሐሊሞ ዝም።
ከረመዳን ወዲህ ቃል ከአፏ አልወጣም፤
ልጇ ከጅግጅጋ መጥቶ «ሆዮ» ቢላት እንኳ
ዐይኗ ወደሱ አልመጣም።

ጋሽ ዘርጋው ግን ወረቀቱን ተቀበለኝ።
ቤት አልሳለም።
በቁመቱ አጠፈው፣ ደግሞ በወርዱ፣
ጠርዙን በጥፍሩ እየዳመጠ፣
ስምንት ቦታ ቀደደው፤ አንዱ ካንዱ አልበለጠ።
ከዚያ እርሳሱን አንሥቶ እያንዳንዱን መሀሉን ወጋው፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የምድር ባቡር ኮንትሮለር የነበረው ዘርጋው።

ተነሣ። የፒጃማውን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈ፤
ወለሉ እንደሚወዛወዝ ሁሉ እግሩን ከፈት አድርጎ
በወንበሮቹ መሀል አለፈ።
«ትኬት! ትኬት! አይሻ ወራጅ! አዲጋላ ወራጅ!»
መሐዲ ሳይነቃ አንዱ ደረቱ ላይ ተሰካ፤
ለትርንጎም አንድ፤ ኪሷን ስትዳብስ
«ተከፍሏል» አላት፣ ትከሻዋን ነካ።

ሐሊሞ ጋ ሲደርስ
ላቋርጠው ነበር፣ እንዳያስደነግጣት፤
«ትኬት!»
አየችው። ፊቷ ነቃ፤
ከየት እንደተመለሰች እንጃላት።
ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቡኒ፣ ያን ሁሉ ከለር
ከነኩባያው ሽቲዋ ሥር ከተተች፤
እግሯን ሰብስባ፣ እንደ ታመመ ሰው
ክንብንቧን ወደ ታች ሳበች።

«ምንድን ነው ያበጠው?»
«ሆዴ ነው፣ አንተ። እርጉዝ ነኝ።»
በሰማንያ ዓመቷ!
«ከጅቡቲ ስትመለሺ ብቻ ነው የምታረግዢው?»
«ምን ላድርግ፤ የባሕሩ ነፋስ ነው።»

ድሮ ተያይተው ያውቁ ይሆን? ማንን ልጠይቅ?
ሐዲዱን አሸዋ በልቶታል፣ ፉርጎው ዝጓል፤
መዝገቡን የያዙት ሁለቱ ናቸው፣
እነሱም ቁልፉን ጥለውታል።

ወዲህ ወዲያ አማተረ።
«ለዛሬ» አለ በሹክሹክታ፣ «ለዛሬ ብቻ»፣
ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።
መስኮት የለም እኮ! ቅጠል ነው፣ ቁራ ነው ያለው፤
እሷ ግን ሽንሌ እስኪያልፍ ሆዷን ይዛ ቆየች።

ወደኔ ዞረ። «አንቺስ? የት ነሽ?»
የት ነኝ?
አፌ ላይ አንድም ጣቢያ አልነበረም።
እንዲሁ ሰጠኝ። ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣
ቀዳዳው ትንሽ ተተርትሯል።

በሳምንቱ ታይዋን ገበያ ወርጄ
ወረቀት መብሻ ገዛሁለት፤
ሁለት መቶ ሰማንያ ብር፣ ተከራክሬ።
አገላበጠው። ጆሮው ላይ አደረገው። «ሃሎ?»
መለሰልኝ።
«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

ከፋኝ፣ አልዋሽም።
ቤት ልናስል ደብተሬን ስገልጥ
መብሻው ከጠረጴዛው የለም።
ሐሊሞ እንደ ወትሮው ዝም ብላለች፤
ሽቲዋ ግን አብጧል፣
እኔንም በጎን ታየኛለች።

ምን ይባላል?
ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።