ጊላ

ጠራቢው ኢውናን፣ በዶኒጎል ዳርቻ፣
እርሳሱን ከጆሮው አወረደ ብቻ፤
«ሒሳቡ በፊደል ነው፤ በቁጥር ነው» አለ፣
«ስንት ልቅረጽበት? ሟች ስሙ ማን ተባለ?»

ሶርካ ዝም አለች፤ ዝናብ ይወርዳል በአንገቷ፣
ታጥፎ ረጥቧል በእጇ፣ የአባቷ ስም በወረቀቷ።
ማክብራይድ ይላል ሰነዱ፤ ማክብራይድ ይላል ፓስፖርቱ፤
ማክብራይድ ይላል ደብተሩ፣ የደመወዙ፣ የጥንቱ።

በስኮትላንድ ማሳ፣ በአሥራ አራት ዓመቱ፣
ድንች ሲለቅም ውሎ፣ ሲሰነጠቅ ጣቱ፣
የስሙ ጭራ በእንግሊዝ አፍ «ሙሽራ» ማለት ነውና፣
ባልንጀሮቹ ጆንያ እንደ ዓይነ ርግብ ደፉበትና
«የሙሽሪት ልጅ መጣ!» አሉት። ሳቀ። ምን ያድርግና።

ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳቀ።
ኋላማ ቀልዱን ራሱ ጀመረው፣ ሌላው ሳይቀድመው፣ እያወቀ።

ሙሽራ ግን በስሙ ውስጥ የለም፤ አልነበረም።
የአየርላንድኛው ሦስት ቃል ነው፣ እንዲህ አላጠረም፦
«ማክ» ይላል፣ ልጅ ማለት፤ መጨረሻው ብሪጅድ ናት፣
ብርዱ ሊሰበር ሲል፣ በበዓሏ ዋዜማ ሌሊት፣
ከቄጠማ መስቀል ጎንጉነው ከደጃፍ የሚሰቅሉላት።
በመሐል «ጊላ» አለ፤ ጎንበስ ያለ ቃል፣
አሽከር ማለት ነው፤ ገብር እንደማለት ይሆናል።
ወልደ ገብረ ብሪጅድ።
ስሙ ይህ ነበር፣ ሳያገኘው ቀልድ።

አንዱ ጸሐፊ ይሆናል፣ ብዕሩ የቸኮለ፣
«ልጅ»ን ጻፈ፣ ቅድስቲቱን ጻፈ፣ ሎሌውን ዘለለ።
መቼም ሎሌ እንዲህ ነው፤
በየትኛው በር እንደወጣ፣ ልብ ብሎ የሚያየው ማን ነው?

አባቷ ጀልባ ነበረው፣ ከደሴት ወደ ወደብ፤
ዱቄት ሲጭን፣ አዋላጅ ሲጭን፣ አንዴም የሬሳ ሣጥን፣ በከባድ ወጀብ።
ሒሳብ ሲሉት «ከነፋሱ ጋር ተነጋገሩ» ይል ነበር፤
ጊላ የሚለውን ቃል ሳይሰማው፣ ሲኖረው ኖረ እስከ መቃብር።

«‹ተወዳጅ›ን ሰርዘው» አለች ሶርካ፣ «ዘመኑንም ተወው፤
የአበባውም ቅርጽ ይቅር፤ በዚያ ገንዘብ ጊላን መልሰው።»

ኢውናን በጣቱ ቆጠረ።
«ስድስት ፊደል ነው» አለ፤ ዝናቡን አየ፤ ጨመረ፦
«መንታ ‹ል› አለበት፤
የአንዷን አትከፍዪም።»
መሮውን ፍለጋ ገባ ወደ ቤት።