ውሃ ልክ

ዶክተሩ አንገቴን በሁለት ጣት ይዞ
"ስንት ዓመት ሆነሽ?" አለኝ፣ ትንሽ ተክዞ።
"ከሥራው? ከልደት?" ብዬ ብጠይቀው
"አንገትሽ የሚለው ሰባ አምስት ነው።"
አርባ ስምንቴን ግን ገና አልደፈንኩም፤
ሳቅኩኝ፤ ስስቅ እንኳ ቀና ግን አላልኩም።

ሥራዬ መስማት ነው፣ ሰምቶ መከተብ፣
በቫልፓራይሶ፣ ከኮረብታው ወገብ፤
የፍርድ ቤቱ ድምፅ በጆሮዬ ሲያድር፣
የአጥር ጠብ፣ የውርስ፣ የጋብቻ ነገር፤
ምስክር ሲያለቅስ "አለቀሰ" ብዬ፣
ዳኛ ሲያስነጥስ ግን እሱን ዘልዬ፣
በእናቴ የስፌት መኪና ገበታ
አሥራ አንድ ዓመት ጎብጬ፣ ጠዋትና ማታ፤
ጉልበቴ ፔዳሉን በመታው ቁጥር
መርፌ አልባው መኪና ሲሰፋ አየር።

ሱቅ ሄድኩኝ። ሻጩ ልጅ፣ ሽቶው የቀደመው፣
"ይኼኛው በሞተር ከፍ ዝቅ የሚለው፣
ይኼ የቀርከሃ፣ ይኼ ባለ መስታወት፣
ይኼ ለሚጫወት፣ መብራት ያለበት።"
ምንም አልጠየቀኝ ስለ ክርኔ ቁመት።
ሜትሮ ከቦርሳዬ አውጥቼ ተቀመጥኩ፤
ትከሻዬን ጣልኩት፣ ክርኔን አጠፍኩ፤
ከወለል እስከ ክርን ስልሳ ሦስት ተኩል፤
የሱቁ ዕቃ ሁሉ ሰባ አምስት እኩል።
"ያ መለሎ ማነው?" አልኩት፣ "የት ነው ያለው፣
ጠረጴዛ ሁሉ በሱ ልክ የሆነው?"
ሻጩ ዞር ብሎ አየ፣ የሚፈልገው መስሎ፤
ባለ ሞተሩን ገዛሁ፣ ከሌላው ተሽሎ።

ከመኪናው መንገድ እስከ በሬ መቶ አርባ ደረጃ፤
ሾፌሩ ቀና ብሎ አየና "እኔስ እንጃ!"
ላውታሮ፣ የዓሣ ሣጥን የለመደ ጫንቃው፣
ሦስቴ ብቻ አርፎ ደጄ አደረሰው፤
ውሾች በየእርከኑ ሰልፍ ሠርተው አጀቡት፣
ሴቶች ከየመስኮቱ "ማን ሞተ?" እያሉት።

ስንገጥመው አመሸን፤ አንድ ብሎን ተረፈ።
እርሳስ ባስቀምጥበት ተንከባሎ አለፈ፤
ወለሉን ተሻግሮ፣ በበሩ ሥር ሾልኮ
ሊወርድ ነው ቁልቁል፣ ወደ ባሕሩ እኮ።
የቤቱ ነው ጥፋቱ።
አባቴ ሳይወለድ መሬት ተንቀጥቅጦ
አንድ ጣት ዘንበል እንዳለ ቀርቷል፣
ማንም ሳያቃናው።

ዶን ባውዲሊዮን ጠራሁ፣ መርከብ ጠራቢውን፤
ሰማንያ ዘሎታል፤ አይሰማም ግራ ጆሮው፤
ከኮት ኪሱ አወጣ የናስ ውሃ ልኩን፣
አረፋዋን አየ፣ ነቀነቀ ራሱን፤
"ይሄ ቤት አይደለም፣ ወደብ የናፈቀ መርከብ ነው እንጂ።"
ሽብልቅ ጠረበ፣ ከእግሩ ሥር ሸጎጠ፣
አንዱን ጥርሱን ነክሶ፣ ሌላውን እያፏጨ።

"ፊቴን ወደ መስኮት" አልኩት። "አይሆንም" አለኝ፤
"ብርሃኑ ያጥበረብርሻል።"
"እንግዲያው ጀርባዬን?" "ፀሐይዋ ስክሪኑ ላይ ትተኛለች።"
ተከራከርን። ዳኛ ቢኖር አንድ ሰዓት ይፈጅ ነበር።
በመጨረሻ ባሕሩ በቀኝ ጎኔ ሆነ።
ስክሪኑን ከፍ አረግነው በሁለት የሕግ መጽሐፍ፤
ሕግ ቀና ሲያደርገኝ ይኼ የመጀመሪያው ነው።
እግሬ መሬት ነካ። አንጓዬ ቀጥ አለ፣
ክርኔም በቦታው፣ እንደ እንግዳ ሳይሆን
እንደ ባለቤት ተደላደለ።

ዶክተሩ ያዘዘኝ፦ በየሃያ ደቂቃው
ዓይንሽን ከቅርቡ አንሺ፣ ሩቅ ወርውሪው፤
ሩቅ ከሌለሽ፣ አለኝ፣ ሥዕል ስቀይ።
ሩቅ?
ከሀብቴ ሁሉ የተረፈኝ እሱ ነው።

ሽማግሌው ሊሄድ ውሃ ልኩን ከተተ፤
ከበሩ ተመልሶ በጉልበቱ በረከከ፣
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጠረጴዛዬ ጠርዝ
አሻግሮ የባሕሩን ጫፍ አየ፤ ለረጅም ጊዜ።
"ውሃ ልክ ያ ነው" አለ።
"ኪሴ ውስጥ ያለው ግልባጭ ነው።"

ዛሬ ምስክሩ ስለ አጥር ያወራል፤
ሃያኛው ደቂቃ ሲደርስ አቆመዋለሁ፣
አንድ ጭነት መርከብ ቀስ ብሎ ሲዞር አያለሁ።
እርሳሱ ካስቀመጥኩት አልተንቀሳቀሰም።
ብሎኗ መሳቢያ ውስጥ ናት።
ከምን እንደተረፈች እስካሁን አላወቅንም።