የጋራ ግድግዳ

አርባ ሰባት ቁጥር የኛ ቤት ነበረ፤
ከነጦይባ ቤት ጋር ባንድ ተርታ ብሎኬት የተሳሰረ።
መሐንዲሱ ቆጥቦ፣
ለሁለት ቤት አንድ ግንብ አስቦ፣
ሲሚንቶ ሲያተርፍ ጎረቤት ፈጠረ።

ቦርከና ዳር ያኔ ቄጤማና ጭቃ፣
ድንገት ቆርቆሮ አብለጨለጨ፤ ቀን ተቆረጠ በሦስት ፈረቃ።
ከወረኢሉ፣ ከቃሉ፣ ካምባሰል ቁልቁለት
ሞፈር የለመደ እጅ መጣ፣ ብጥስ ክር ሊቀጥልበት።
አባቴ እንድሬ የሌሊት፣ የጦይባ ባል ሙሄ የቀን፣
ባንድ ብስክሌት ተቀባብለው፣ ኮርቻው ሳይቀዘቅዝ ስንት ዘመን!
ደመወዝ የወጣ ዕለት ከረሜላ በኪሳቸው፣
ዘወትር ግን ጥጥ በቅንድባቸው፤
ሽማግሌ ይመስሉኝ ነበር፤ ቦኖው ሥር ሲታጠቡ
ወጣት ሆነው ይገቡ።

እናቴ በሚስማር ጀመረችው፣
ጦይባ በማንኪያ ጨረሰችው፣
የግንቡን ቀዳዳ።
ጨው አለፈበት፣ ክብሪት፣ በሬ ወለደ ወሬ፣ የልጅ መድኃኒት፣ ብድር፣ ዕዳ።
ሥጋ ብቻ አላለፈም፤
ሁለቱም ያውቃሉ፣ አይነጋገሩበትም።
አፈሳ የመጣ ሌሊት፣ ወንድሜ ይመር
ራሱ ሊያልፍበት ዳዳ።
ሲመሽ በጥጥ ውዳቂ ይወተፋል፣
ሲነጋ ይከፈታል።

ከዚያ መለዋወጫ ጠፋ።
ሦስቱ ፈረቃ ሁለት፣ ሁለቱም አንድ ሆነ፤
ደመወዝ በጥቅል ክር ተተመነ።
ሙሄ ክሩን አዝሎ ገበያ ዋለ፣ እንዳዘለው መጣ፤
ብስክሌቷን ሸጡ። ብሩን ለሁለት ሲከፍሉ
አንዱም ቃል አላወጣ።
የጦይባ ልጅ ዘሀራ ጅዳ፣ እህቴ ቤሩት፤
በር በበር ወና ሆነ። ቁልፍ ሊመልሱ ቢሄዱ
የሚረከብ ጠፋ ከጽሕፈት ቤት።
በዚያ በክፉ ዓመት፣ በተኩሱ ሰሞን ደግሞ
የነጦይባን ቆርቆሮ ማን እንደነቀለ
የሚያውቅ ሁሉ «አላየሁም» አለ።

ዛሬ ማዶ አዲስ ሼድ ቆሟል፣ ሰማያዊ ጣራ፤
ሴቶቹ ስድስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤
ለነሱ ቤት አልተሠራ።

ትናንት ገባሁ።
የኛ ጣራ አለ፤ ጨለማውም እንዳለ አለ።
በዳበሳ አገኘሁት፤ ቁመቴ ረዝሞ
እሱ ወደ ጉልበቴ ወርዷል።
ውታፉን ሳብኩት፤
የጠቆረ ጥጥ፣ እንደ ጠጠር የጠና፣
ምናልባት ጦይባ መጨረሻ የወተፈችው፣
ምናልባት እናቴ።
«እንዴት አደራችሁ» ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት።
በወዲያ በኩል ጣራ የለም፣ ሰው የለም፣
ፀሐይ ብቻ።
መዳፌን ዘረጋሁ፤
ቁንጣሪ ጨው የምታህል ብርሃን አቀበለኝ
ግድግዳው።