ጣት የምታህል ጭቃ

ቦዬ ረግረግ ዳር፣ ጡብ ከምመታበት፣
ከጉድጓዴ አፋፍ ላይ፣ ቦቲዋን ጭቃ ውጦት፣
ዙልፋ የወንድሜ ልጅ ቁልቁል ተመልክታ፣
“ይሄን ግድግዳህን አንብበኸው ታውቃለህ?” አለችኝ በጨዋታ።
እኔ የማነበው በአካፋ ነበር፤
ጥቁሩ ለጎመን፣ ግራጫው ለጡብ፣ ቢጫው ለመንገድ ዳር።

ያን ለት ነው የሰማሁት። በጣሊያን ተራራ፣ በዴንማርክ ባሕር ዳር፣
በነጭ ድንጋይ መሃል፣ ጣት የምታህል ጭቃ ተጋድማለች እንደ ድንበር።
ከበታቿ ሙሉ ቤት፣ ከበላይዋ ወና፤
የታች ቤት ጎረቤት ላይ ቤት የለምና።
ውስጧ ኢሪዲየም፣ (ስሙን ሦስቴ ደገመችልኝ)
ምድር ቆዳ ላይ ቢፈልጉት ብዙም የማይገኝ፣
የሰማይ ድንጋይ ግን በገፍ የሚሸከመው።
“እንግዲህ” አለችኝ፣ “እዚያች ጭቃ ውስጥ ማን አስቀመጠው?
ቤት የሚያክለውን እንስሳ፣ ዳይኖሰርን፣ ማን ጨረሰው?”

እኔም ጠየቅኋት፦ “ማን አየ?”
ልጅ ሳለሁ፣ ሰቃ ላይ፣ የአባ ዲልቢ ጎተራ በሌሊት ጋየ።
አውጫጭኝ ተጠራ፤ ዋርካ ሥር ሦስት ቀን ተቀመጥን፤
“ያየህ ተናገር፣ የሰማህ አውጣ” ተባልን።
አፍ ሁሉ ተቆልፎ፣ የተናገረው ጨርቅ ነበር፤
ላምባ የሸተተ ቁራጭ፣ ከአንድ ጨዋ ሰው አጥር ሥር።

“ይሄም አውጫጭኝ ነው” አለች ቁጢጥ ብላ፤
“ያየ ሁሉ ሞቷል። ድንጋይ ነው አሁን ባለ መሐላ።”

የኳርትዝ ቅንጣት አለ፣ በደቃቅ መስመር የተሸነተረ፤
እሳተ ገሞራ እንዲያ አይቆርጥም፤ ከላይ የመጣ ምት ነው እንዲያ የሰበረ።
የመስታወት ጤፍ አለ፣ ቀልጦ ተረጭቶ አየር ላይ የጠጠረ፣
ከዓሣ ስንጥብ ውስጥ ተወትፎ የቀረ፤
ዓሣው ሊተነፍስ ብሎ ነበር፣
እንደ ማንም ቀን፣ እንደ ማንም ፍጡር።
ኋላም ቁስሉ ተገኘ፣ ሜክሲኮ፣ ከባሕርና ከኖራ ድንጋይ በታች፤
“ስፋቱ በአውቶብስ ከጅማ ወልቂጤ ነው” አለች።

“እሳተ ገሞራስ? ሕንድ አገር ያኔ ላቫ ይጎርፍ ነበር ብለሽ የለ?”
“እሱም ተጠርጥሯል፣ ዛሬም የሚከስሰው አለ።
ግን በዚያች ጭቃ ላይ የተገኘው የእጅ አሻራ የሌላ ነው” ብላ፣
ስልኳ ጮኾ ሄደች፤ ሐሳቡን እኔ ላይ ጥላ።

ማታውን አልተኛሁም። ባትሪ ጭንቅላቴ ላይ አስሬ ወረድኩ፤
ከለመድኩት ጥልቀት በላይ ሁለት ክንድ ቆፈርኩ።
አገኘኋት! ግራጫ፣ ቀጭን፣ ጣት የምታህል።
በፌስታል ጠቅልዬ ሌቱን ጠበቅኋት እንደ ጽላት፣ እንደ ውል።
ጎህ ሲቀድ ቆጪ ሄጄ፣ በሯን አንኳኩቼ አሳየኋት።

አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።
“አጎቴ፣ ይሄ ጭቃ ሕፃን ነው፤ የትናንት አፈር።
የጅሬን ተራራ ራሱ፣ ሥሩ ያለው ጥቁር ዓለት፣
ያ ቀን ካለፈ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ቆይቶ ነው የፈሰሰው እንደ እሳት።
ጅማ ያን ቀን አልነበረችም፤ ለምስክርነት አትጠራም።”

ከፋኝ፣ ምን ይደበቃል።
ድንጋይ እንኳ ከእኔ አገር ሲሆን ዘግይቶ ይደርሳል።

ሸኘችኝ እስከ ቦዬ። ጡቦቼ ፀሐይ ላይ፣ ገና እርጥብ፣ ተደርድረው፣
የጎረቤቴ ዶሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትሄድባቸዋለች ተዝናንታ፣ ቤቷ አስመስላው።
ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንዲት ወደ ኋላ፣ ዱካ በዱካ ላይ።
ሌላ ቀን ቢሆን ረግሜ፣ መዳፌን በውሃ ነክሬ አጠፋው ነበር፤
ዙልፋ እጄን ያዘችኝ። “ተወው፤ ከዚያ ቀን የተረፈ ዘመድ ነው፤ ፊርማው ይደር።”

ያ ጡብ ዛሬ መርካቶ አጠገብ፣ በአንድ ሱቅ ግንብ ላይ አለ፤
ግንበኛው ዱካውን ወደ ውስጥ አዙሮ ለሰነው፤ ማን አየ? ማንስ አስተዋለ?
ግንቡ የፈረሰ ቀን ይናገራል፤
ጠያቂ ካለ።